ገመዱ ገባ፣ ምስሉ አልመጣም

ኅዳር 9፣ ሶዶ

እናቴ ከታመመች ወዲህ መናገር አቅቷታል። ድምጿ ያለው ስልኬ ውስጥ ብቻ ነው፤ አምና ሁምቦ ሳለን ስለ ልጅነቷ ስታወራኝ የቀዳሁት። ስልኩ ወድቆ ስክሪኑ ከጨለመ ጀምሮ ግን መክፈቻ ቁጥሩን እንኳ ማስገባት አልቻልኩም።

ስልክን ከቴሌቪዥን የሚያገናኝ ገመድ እንዳለ አንድ ቪዲዮ ላይ አይቼ ነበር። ዛሬ ገዝቼ ሰካሁት። ልክክ ብሎ ገባ። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ምንም አልመጣም። ይዤው ጥገና ቤት ሄድኩ።

«እትዬ፣ ገመዱ ደህና ነው» አለኝ ጠጋኙ። «ስልክዎ ቻርጅ ይቀበላል፤ ተከፍቶ ከሆነ ፋይልም ይሰጣል። ምስል ግን አያወጣም።»

«የእህቴ ስልክ በዚሁ ቀዳዳ ያሳያል እኮ!»

«መልካቸው ነው አንድ። መንትዮች ሁለቱም ይዘፍናሉ እንዴ?»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የሚቀየርለት ስክሪንም ሶዶ እንደማይገኝ ጠጋኙ ነገረኝ።

ቤት ገብቼ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ጢጥ ሲል እናቴ ቀና አለች። ስልኩን አየች፣ ከዚያ እኔን። ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ፤ የራሷን ድምፅ። ቻርጁ ከሞላ ቆይቷል፤ መንቀል ግን አቃተኝ።