ሴቷ ናት የምትሄደው

ማርች 28፣ ቅዳሜ

ውርጭ። ጎህ ሳይቀድ ሜዳው ዳር ተደብቄ ነበር። ሁለቱ ወንድማማች የዱር ተርኪዎች፣ እነዚያ ትልልቅ የጫካ ወፎች፣ ካደሩበት ዛፍ ወርደው ጅራታቸውን ዘረጉ። ክንፋቸው መሬት ይጠርጋል፣ ራሳቸው አንዴ ቀይ፣ አንዴ ሰማያዊ። ሴቶቹን የሚሰርረው ግን ታላቁ ብቻ ነው። ታናሹ ሲነፋፋ ይውላል... አጃቢ። እነሱን ስከታተል ሦስተኛ ጸደዬ ነው። የሚያድሩበትን ዛፍ፣ የሚወርዱበትን ሰዓት፣ ሁሉንም ለወፎቹ በለየሁት ደብተር ጽፌአለሁ።

ከሰዓት ትሬንት እንደ ልማዱ ከመኪናው ሳይወርድ በር ላይ ጡሩንባ ነፋ። ወጣሁ። የወፎቹን ደብተር ላንብበው አለኝ። ከተጫጨን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ደስ አለኝ... ሞኝ።

ኤፕሪል 9፣ ሐሙስ

ደብተሩ አልተመለሰም። መኪናው ውስጥ የሆነ ቦታ ነው ይላል።

ዛሬ አንዲቱ ሴት ተርኪ ሜዳውን ሙሉ አቋርጣ ወደ ታላቁ ሄደች። እሱ ካለበት ንቅንቅ አላለም። አባዬ ሁሌ የሚለው ነው፦ "ወንዱ ይጣራል እንጂ አይመጣም። ሴቷ ናት የምትሄደው።" አዳኝ የሴቷን ድምፅ አስመስሎ የሚጠራው ይህን ሕግ ሊያስጥሰው ነው።

ለትሬንት ስል ዩኒቨርሲቲውን ጥዬ ወደ አገሬ፣ ወደ ኦዛርክ ተራሮች የተመለስኩት እኔስ?

ኤፕሪል 18፣ ቅዳሜ

ምግብ ቤት የትሬንትን አለቃ፣ ሚስተር ሃስኬልን፣ አገኘነው። "ሰኞ አደን ሲከፈት ትልቁ አውራ የእኔ ነው" አለኝ። "እጮኛሽ ሦስት ጸደይ ተቀምጦ አጥንቶታል፣ ዛፉን ሳይቀር ያውቀዋል።"

ትሬንት ድንቹን ይበላል። ቀና አላለም።

መኪናው ውስጥ ጠየቅኩት።

"ወፍ እኮ ነው፣ ዴላ። ሰውዬው ኃላፊ ሊያደርገኝ ነው።"

"የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

"መቀመጥም ሥራ ሆነ?"

ወርጄ በእግሬ ገባሁ።

ኤፕሪል 20፣ ሰኞ

ጎረቤታችንን ሚስስ ኦፓልን አስፈቅጄ ከሜዳው ዳር ካለው ጅረት ማዶ መሬቷ ላይ ተቀመጥኩ። ጠመንጃ አልያዝኩም። የአባዬን መጥሪያ ብቻ፣ ክዳኗ ሲፋቅ እንደ ሴቷ የምትጮኸውን ያቺን የእንጨት ሳጥን። ሲነጋ ትሬንት ከአለቃው ጋር ከተደበቀበት ሜዳ መጣራት ጀመረ፤ ጮክ ብሎ፣ ሳያቋርጥ። እንዲህ የምትለማመጥ ሴት የት አይቶ ነው? እኔ ሦስቴ ቀስ አድርጌ ጠራሁና ዝም አልኩ። ታላቁ መለሰ። ቀረበ። ጅረቱን በርሮ ተሻገረና ሃያ እርምጃ ላይ ጅራቱን ዘረጋልኝ። ሳቄ መጣ።

ከወዲያ ማዶ ተኩስ።

የተመታው ታናሹ ነው። ታላቁ ሲርቅለት፣ ሜዳው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የእሱ ሲሆን፣ ለዚያ ጩኸት ሮጠ። ታላቁን የወሰድኩለት እኔ... ሦስት ዓመት ሙሉ ስጽፈው ኖሬ እንዴት አላሰብኩትም?

ኤፕሪል 23፣ ሐሙስ

ታላቁ ብቻውን ነው። ጅራቱን ይዘረጋና ወደ ጎኑ ያያል።

ከሰዓት ጡሩንባ። አባዬ በመስኮት አየ።

"ደብተርሽን ይዟል። አትወጪም?"

"እግር የለውም?"

አራቴ ነፋ። በመጨረሻ ደብተሩን በመኪናው መስኮት ጭቃው ላይ ወርውሮ ሄደ። ሽፋኑ ላይ የራሱን ስም ጽፎበታል። ጠርጌ በኤፕሪል 20 ቦታ አስገባሁ፦ ታናሹ ተገደለ። ግማሹ ጥፋት የእኔ።

ቀለበቱን በሩ ላይ ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከፈለገ ወርዶ፣ በእግሩ መጥቶ ይውሰድ።