መቆሚያ አይወረስም

የካቲት 9

ምሥራቁን ዳርቻ ስለካ ዋልኩ። ደንቡ አሥራ ሁለት ሜትር ይላል፤ የባለ ቪላው የጀልባ መቆሚያ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ጣሪያ አለው። ሶፋ አለው። ጀልባ ግን የለውም!

«ታዲያ ምን ይቆምበታል?»

«እንግዳ» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ትርፉን ያፍርሱ አልኩት። እሺ፣ ስሞት ለልጄ ይተላለፋል? አለ። አይተላለፍም። አንቀጽ ሰባት፦ ፈቃዱ የአንድ ሰው ነው፤ ሰውየው ሲሞት አብሮት ይሞታል፤ ቦታው ለሕዝብ ይመለሳል።

«ልጄ ታዲያ ምን ይሁን?»

«ዋና ይማር።»

አንቀጽ ሰባትን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባልጽፈው ኖሮ ይሄ ሐይቅ እስካሁን የጥቂት ቤተሰቦች ጓሮ ሆኖ ነበር። ጠልተውኛል። የራሳቸው ጉዳይ።

ስመለስ በእህቴ ቤት በኩል አለፍኩ። ባሏ መቆሚያቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይቀጥላል። ሰው የሚያሻግሩት ከዚያ ነው፤ ጀልባዋም ኑሯቸውም እነዚያ ጥቂት ሳንቃዎች ላይ ነው የታሰሩት። ፈቃዱ በእሱ ስም ነው።

«መጣ ሳንቲሜትር!» አለኝ። «እግሬን ልሰብስብ እንዴ? ከደንቡ አልፎ እንደሆነ...»

ይሄ ሰውዬ ከቁም ነገር ጋር ተጣልቷል።

የካቲት 17

ከሰዓት በኋላ ድንገት ማዕበል። ነፋሱ ከደቡብ። አማቼ ተሳፋሪዎቹን ማዶ አውርዶ ባዶውን ሲመለስ ነበር። ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች። እሱ የለም።

የካቲት 18

የለም።

እናቱ፣ እማማ፣ መቆሚያው ላይ ተቀምጠዋል። ደግፈን ልናስገባቸው ሞከርን፣ እምቢ። አያለቅሱም።

«ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም። ያልተለቀሰለት ሰው ይመጣል።»

የካቲት 20

ኃላፊያችን ጠላቂ ዋናተኞች አስመጣ። ከሌላ ከተማ፣ በመሥሪያ ቤቱ መኪና! አምና ሁለት ሕፃናት ሲሰምጡ በጀት የለም ያለው ሰውዬ... እማማ እጁን ይዘው መረቁት። እኔም ላመሰግነው አፌን ከፍቼ ነበር።

ከዚያ ነዳጁን የቻለው ባለ ሆቴሉ መሆኑን ሰማሁ። ባለ ሆቴሉ ለመቆሚያ ተራ ከሚጠብቁት የመጀመሪያው ነው።

«ምን ችኮላ ነው?» አልኩት ኃላፊውን።

«ኢንጂነር፣ የጠፋ ሰው እኮ ሁለት ዓመት በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል። ሬሳው ከተገኘ ግን...» ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «አንቀጽ ሰባት ያንተ አይደል?»

ለካ ሬሳ አይደለም የሚፈልጉት። ቦታ ነው።

የካቲት 21

እህቴ ጀልባ ላይ ቆማ ለጠላቂዎቹ ታሳያለች። «እዚያ ነው፣ ከቋጥኙ ሥር።»

ከቋጥኙ ሥር? ነፋሱ የደቡብ ነበር። ቋጥኙም ደቡብ ነው። ነፋስን ተቃውሞ የሚሄድ ሬሳ አለ? ጀልባዋ የተገኘችው በሰሜን፣ ሸምበቆው አጠገብ። ይሄ ለሕፃንም አይጠፋም። እሷማ ዕድሜዋን ሙሉ ተመላልሳበታለች...

ከሥራ ስወጣ ቤቷ ሄድኩ። ወጥ ቤት ሰሃን ታጥባለች።

«ለምን ዋሸሽ?»

«ድምፅህን ቀንስ። እማማ ይሰማሉ።»

«ለምን?»

«ሁለት ዓመት ስጠኝ፣ ጋሼ። ትልቋ ልጄ ትምህርቷን ትጨርስ። ከዚያ የፈለግከውን አንቀጽ ይዘህ ና።»

«እሱስ? ውሃ ውስጥ ይቅር?»

ሰሃኑን አስቀመጠች። «እሱ ቢጠየቅ ምን የሚል ይመስልሃል?»

የሚለውን አውቃለሁ። ዝም በል ነው የሚለኝ። እየሳቀ።

የካቲት 23

ጠላቂዎቹ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ኃላፊው ፊቱ ጠቁሯል። ደስ አለኝ... ደስታዬ ግን እህቴ ቤት እስክደርስ ነበር። እማማ እህል አይቀምሱም። እጄን ለቀም አደረጉኝ።

«አንተ የተማርክ ነህ ልጄ። ውሃው ወዴት ነው የወሰደብኝ?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

«አይ... ታዲያ ምኑን ነው ስትለካ የምትውለው?»

የእናት ዓይን ነው ወይስ የልጆች ጉሮሮ? የቱ ነው የሚበልጠው? የቱን አንቀጽ ልጥቀስ?

የካቲት 25

ነፋሱ ዞረ። ከሸምበቆው ሽታ ይዞ ወደ ቤቶቹ መንፈስ ጀመረ። እማማ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው ቆዩ።

የካቲት 26

ሲነጋጋ ብቻዬን ቀዝፌ ሄድኩ። ብዙ አልፈለግሁም። እዚያው ሸምበቆው ሥር ነበር። በፊቱ አላወቅሁትም፤ በቀበቶው ነው። ወደ ጀልባዋ ላወጣው ሞከርኩ፣ አቅም አጣሁ። ገመድ አስሬ እየጎተትኩ... ቀስ ብዬ። እያወራሁት። ያልኩትን አልጽፈውም።

እማማ አለቀሱ። ትንፋሻቸው እስኪቆራረጥ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙኝ።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ እኔን ብቻ ነበር የምታየው። እሱን አይደለም።

የካቲት 28

ቀበርነው ትናንት። ከመቃብር ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። «ሁለታችንንም ቀበርከን።»

መጋቢት 3

ኃላፊው ቢሮ። ነፍስ ይማር አለ፣ ቁጭ ሳይል ደግሞ ቦታው ክፍት ሆኗል አለ።

«ለሕዝብ ይመለሳል ነው የሚለው» አልኩ። «ሕዝብ ይሻገርበት።»

«ሆቴል የሚገባው ሕዝብ አይደለም እንዴ?»

«ለእሷ ይሰጣት። ባሏ የሞተባት ናት፣ ልጆች አሏት።»

«ታመልክት፣ ተራ ትያዝ። ደንብ ጥስ ትለኛለህ? አንተ?»

አንቀጹን የጻፍኩት ትልልቆቹን ልይዝበት ነበር። ትልልቆቹ ግን ተራ መጠበቅ ምን ይቸግራቸዋል? የሚጠብቅላቸው ሰው ይቀጥራሉ። ተራው እስኪደርስ ትንፋሹ የሚያልቅበት ሌላው ነው። እንዴት አልታየኝም? ደንቡን ስናረቅ ያን ሁሉ ሳምንት በነጠላ ሰረዝ ስጨቃጨቅ እንዴት አልታየኝም?

መጋቢት 10

የእህቴ መቆሚያ የሚፈርስበት ቀን። ሌላ ሰው አልክም ብዬ ከሠራተኞቹ ጋር ራሴ ሄድኩ። ቀድማናለች። ሳንቃውን ሁሉ ነቅላ ደጇ ላይ ደርድራዋለች፤ የቀሩት ቋሚዎቹ ብቻ ናቸው። መዶሻውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«እንዳትነካው።»

እማማ ከደጅ ሆነው ተቆጧት። «ምን አደረገሽ ይሄ ልጅ? ልጄን ያመጣልኝ እሱ አይደለም እንዴ?»

ልጃቸው በመገኘቱ ምን እንዳጣች አልነገረቻቸውም። እስካሁን አልነገረቻቸውም።

መጋቢት 24

የሆቴሉ መቆሚያ አለቀ፣ እዚያው ቦታ ላይ። ለካሁት። ሃያ ሁለት ሜትር።

«ልዩ ሁኔታ ነው» አለ ኃላፊው። «ፈርምበት።»

«አልፈርምም።»

«ሌላ ሰው ይፈርማል።»

ይፈርማላ! ሜትሬን ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ወጣሁ። ሥራውንም አብሬ። በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? ማንስ ቢቀጥረኝ... ምን ልለካ?

ሚያዝያ 6

እህቴ ከሆቴሉ መቆሚያ ጎን ካለው ጭቃ ላይ ማሳፈር ጀምራለች። መቆሚያ ስለሌለ ሰዉ ልብሱን ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ይገባል። ጀልባዋ ትሸሻለች። ትናንት አንዲት አሮጊት ወደቁ፤ ከመንገድ ላይ ቆሜ አየሁ።

ዛሬ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውሃው እስከ ጭኔ። ጀልባዋን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። እህቴ አየችኝ። ና አላለችም። ሂድም አላለችም።

ሰዎቹ ትከሻዬን እየተደገፉ ወጡ፣ ወረዱ። አንዱ ጭንቅላቴን ነው የተደገፈው። አንዱ ነጋዴ አወቀኝ።

«ኢንጂነር! መቆሚያ ሆኑ እንዴ? ፈቃድ አለዎት ለመሆኑ?»

ጀልባው ሙሉ ሳቀ። ይሳቅ። አንቀጾቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰውን የሚከለክል የለም። አንድ በአንድ አስታውሼ ፈልጌያለሁ።

ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይገባል። የመጨረሻዎቹ ሲወርዱ እግሬ አልታዘዝ አለኝና ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። እህቴ ሞተሩን አጠፋች፣ ገመዱን ጠቀለለች፣ ፊቷን ሳታዞር፦

«ነገ ገበያ ነው። ማልደህ ና።»