አንቺን የጠበቁት የሜልበርን እንግዶች

ውድ እህቴ ብሪዲ፣

አባባ ስልክሽን እስካሁን አላስዘጋውም። ከተማውን እንድታስጎበኚያቸው የተመዘገቡ እንግዶች «ቅዳሜ የት እንጠብቅሽ?» ብለው ሲጽፉ ያየሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ፈተና አለኝ፤ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። «ባቡር ጣቢያው በር ላይ፣ ሰዓቶቹ ስር» ብዬ መለስኩላቸው። ቅዳሜ የሄድኩት መሞትሽን ነግሬያቸው ልመለስ ነበር።

ከሲድኒ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ክላይቭና ኖሊን።

«ብሪዲ የት አለች?» አለችኝ ኖሊን።

«እህቴ ናት። ዛሬ አልተመቻትም።»

ቃሉ ከአፌ ወጣ፤ መመለስ አቃተኝ። ስለዚህ መሄድ ጀመርኩ። ሥዕል የሞላባቸውን መተላለፊያዎች፣ ገበያውን፣ ወንዙን፣ አንቺ በግማሽ ቀን የምታዳርሺውን ሁሉ በሩጫ አሳየኋቸው። ከቆምኩ የማለቅስ መሰለኝ።

«አንተ ልጅ፣ እያስጎበኘኸን ነው ወይስ እያባረርከን?» አለ ክላይቭ። «ይሄ ጭቃ ነው ወንዛችሁ? ሲድኒ ና፣ ውሃ አሳይሃለሁ።»

«እዚያ ከውሃው ሌላ የሚታይ የለም ይላሉ» አልኩት። ሳቀ። አንቺ የባሰ ትመልሺለት ነበር።

ከጠዋት ጀምሮ የሰሜኑ ነፋስ እንደ ምድጃ ይጋረፍ ነበር። ድንገት ምዕራቡ ጠቆረና ነጎድጓድ ተሰማ።

«ተመስገን» አለ ክላይቭ። «እዚሁ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን እንቀዝቅዝ።»

አንቺም በመጨረሻው ቀንሽ በረንዳ የወጣሽው ቀዝቀዝ እንዲልሽ ነበር። የክላይቭን እጅ ይዤ ጎተትኩት።

«ምነው፣ የሜልበርን ልጅ ዝናብ ይፈራል እንዴ?» አለ።

ወደ አንድ ካፌ አስገባኋቸው። በሩን ዘጋሁ፤ አስተናጋጇን ሳልጠይቅ መስኮቱንም ዘጋሁ። ከዚያ ነገርኳቸው። ነጎድጓዳማው ማዕበል በጸደይ የሚያስነጥሰንን የሣር አበባ ብናኝ አድቅቆ ወደ ሳንባ እንደሚያስገባና ትንፋሽ እንደሚያሳጣ። በየጸደዩ ስታስነጥሺ «እዚህ ከተማ የማያስነጥስ ማን አለ» እያልን እንስቅ እንደነበር። አምቡላንሱ ሳይደርስ እጄ ላይ እንዳለፍሽ።

ክላይቭ ባርኔጣውን አወለቀ። ኖሊን ወንበሯን ከመስኮቱ አራቀች።

«እኔም በጸደይ አስነጥሳለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሐኪም ጠይቄ አላውቅም።»

«ሰኞ ጠይቂ» አላት ክላይቭ። «ዛሬ ግን ከዚህ አንወጣም።»

ዝናቡ አልፎ አየሩ እስኪጠራ አብረን ተቀመጥን። ብሪዲ፣ ሌሎች እንግዶችም ጽፈውልሻል። እኔ እወስዳቸዋለሁ። ከመንገዱም ከወንዙም በፊት ግን ይህን እነግራቸዋለሁ፦ በጸደይ ከሞቃት ነፋስ በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ሰው ቢስቅባችሁም ቤት ግቡ።

እግሩ ማረፍ ያቃተው ወንድምሽ፣
ዳርሲ