የከባዶቹ ጋዞች ክፍፍልና የእኔ ቀልድ

ለ፦ ጋዝ ማጣሪያ ጣቢያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ቀልዴ እንደ ምስክርነት ተቆጥሮባት ከሥራ የታገደች የላብራቶሪ ቴክኒሻን ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

1. በጣቢያው ላብራቶሪ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ፣ ሙያውን ከማሽኑ መመሪያና ከራሴ ስህተት የተማርኩ ሠራተኛ ነኝ። የታገደችው ቴክኒሻን የእህቴ ልጅ ናት። ዝምድናችንን አስቀድሜ የምገልጸው ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዳይነግርዎ ነው።

2. የጋዝ መተንተኛ ማሽናችን ቀላሎቹን ጋዞች አንድ በአንድ ይለያል። ስድስትና ከዚያ በላይ ካርቦን ያላቸውን ከባዶቹን ግን ጠቅልሎ በአንድነት ይለካቸዋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከመቶው ሃምሳውን ለስድስት፣ ሠላሳ አምስቱን ለሰባት፣ አሥራ አምስቱን ለስምንትና ከዚያ በላይ ላለው ያድላል። ይህ ክፍፍል ከአሮጌው የጋዝ ጉድጓድ የተወሰደ ነው። አዲሱ ጉድጓድ ሲከፈት ማንም አልቀየረውም።

3. የእህቴ ልጅ የአዲሱን ጉድጓድ ናሙና ከባዶቹንም ለይቶ ወደሚለካ ትልቅ ላብራቶሪ ልካ፣ የስምንቱ ድርሻ ከመቶ ሠላሳ ሁለት መሆኑን የሚያሳይ ውጤት ለክፍል ኃላፊው በጽሑፍ አቀረበች። ኃላፊው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ለእኔም «አጎቴ፣ ይኼ ክፍፍል ውሸት ነው፤ ከባዱ በዝቷል፣ ብርድ ሲመጣ ጋዙ ቧንቧው ውስጥ ፈሳሽ ይሆናል» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ባልደረቦቻችን ፊት፣ «ማሽኑ ካንቺ በፊት ነው የተቀጠረው፤ ታላቅሽን አክብሪ» አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

4. ባለፈው ወር በአንድ ብርዳም ጠዋት ፈሳሹ ጋዛችንን እስከሚያነደው የመስታወት ፋብሪካ ምድጃ ደረሰ። እሳቱ ገንፍሎ የምድጃ ሠራተኛውን ሁለት እጆች አቃጠለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ጥፋተኛ ሲፈለግ የማሽኑን የዕለት ሪፖርት የፈረመችው ልጅ ተገኘች። በአጣሪ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ስለ ማስጠንቀቂያዋ አንድ ቃል የለም። የእኔ ቀልድ ግን «ነባሩ ባለሙያ የማሽኑን ትክክለኛነት አረጋግጠዋል» ተብሎ ሰፍሯል። በሃያ ሁለት ዓመት ስንት ቁም ነገር ተናግሬ አንዱንም የጻፈልኝ የለም።

5. ኮሚቴው ዓርብ የሙያ ፈቃዷን ለመሰረዝ ቀጠሮ ይዟል። ስለዚህ የኃላፊው መሳቢያ በምስክር ፊት እንዲከፈት፣ ቀልዴ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ፣ ክፍፍሉም ዛሬውኑ እንዲቀየር በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህን ስጽፍ ማሽኑ በዚያው ቁጥር እየሠራ ነው።

6. ኮሚቴው የግድ አንድ ሰው መቅጣት ካለበት፣ እውነቷን እንደሆነ እያወቅሁ ሰው ፊት ያሳቅሁባትን እኔን ይቅጣ። ዓርብ በሰዓቱ እገኛለሁ።

ለዛሬ ቀልድ ከሌለበት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የላብራቶሪው ነባር ሠራተኛ፣ የቴክኒሻኗ አጎት