ሳይፈርሙ የመለሱት የልምምድ ቅጽ፦ የ«እትዬ አንድ ነገር» የሕይወት ታሪክ

አክስቴ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1952 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። የመጀመሪያ ልጅ በመሆናቸው ታናሽ እህታቸውን አዝለው አሳድገዋል፤ ይህንንም ውለታ በየአጋጣሚው ከማንሳት ቦዝነው አያውቁም።

በ1971 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1975 በሶሻል ወርክ ተመረቁ። በ1978 ከሬዲዮ ጠጋኝ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተዋል። በቤተሰብ ድጋፍ ቢሮ ውስጥ ከ1984 ጀምሮ ጡረታ እስከ ወጡበት 2012 ዓ.ም. ድረስ ተለማማጅ ተማሪዎችን ሲያሠለጥኑ ኖረዋል።

ተማሪው የሰው ቤት ሲሄድ አብረው ይሄዱና በር አጠገብ ተቀምጠው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ያዳምጣሉ። ሲመለሱ እግረ መንገዳቸውን መጀመሪያ ተማሪው ስለ ራሱ ሥራ የታዘበውን ይጠይቁታል። ከዚያ «አንድ ነገር ልበልህ» ብለው አንዲት ስህተት ብቻ ያነሳሉ፤ ሌላውን ለሚቀጥለው ሳምንት ያቆዩታል። ተማሪዎቹ ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ለዚህ ነው። እሳቸውም ስሙን ያውቁ ነበር፤ ያላወቁ መስለው ኖሩ እንጂ።

በ1999 ዓ.ም. የእህታቸው ልጅ እሳቸው ዘንድ ተመደበች። ያቺ ልጅ ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ። አክስቴ ናቸው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ልጃቸው ትምህርት ካቋረጠባቸው እናት ቤት ሄደን የመጠይቅ ቅጹን ጥያቄዎች ሁሉ በሃያ ደቂቃ ጨረስኩ። እናትየዋ ሁለት ጊዜ ስለ ልጃቸው ሊናገሩ ሲጀምሩ «እሱን እንመለስበታለን» ብዬ አለፍኳቸው፤ አልተመለስኩበትም። አክስቴ ይህንኑ ሲነግሩኝ ቅጹ እኮ ሞልቷል ብዬ ተከራከርኩ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሳምንት ያንኑ ደገምኩት። ምረቃዬ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ያለ ፊርማቸው የማያስመርቀኝን የልምምድ ቅጼን ሳይፈርሙ መለሱልኝ።

የምረቃ ልብሴ ተሰፍቶ አልቋል፣ እንግዳም ተጠርቷል። እናቴ ቢሯቸው ድረስ ሄደው አልቅሰው ለመኗቸው። አክስቴ «ልጅሽን እወዳታለሁ፤ እንዲህ ሆና ግን የሰው ቤት አልልካትም» አሉ። እህትማማቾቹ ሁለት ዓመት ተኳረፉ።

እኔም በእልህ በዓመቱ ልምምዱን ደገምኩ። እዚያው ቤት ተመልሼ የመጠይቅ ቅጹን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ተቀመጥኩ። ልጁ ለካ የሰሌዳው ጽሑፍ አይታየውም፤ ይህን መናገር አፍሮ ነው የቀረው። መነጽር ተገኝቶለት ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ያን ቀን ከዚያ ቤት ስንመለስ አክስቴ «አንድ ነገር ልበልሽ» ማለታቸውን ትተው እጄን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ፈረሙልኝ። እናቴ ግን ይቅር ለማለት ገና አንድ ዓመት ያስፈልጋቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጸናባቸውና በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ከማረፋቸው አንድ ሳምንት በፊት ይህን ታሪክ ጽፌ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ሟርት ነው ብዬ እምቢ ብልም አልለቀቁኝም። ስለ ፊርማው አንድም ቃል አልጻፍኩም ነበር፤ እናቴን እንዳላስቀይም ብዬ ዘልዬዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ቆንጆ ነው፤ ግን የማን ታሪክ ነው? እህቴን ሁለት ዓመት ያጣሁበትን ጻፊው። ይህ ሥራ ያስከፈለኝ እሱን ነው» አሉ። እንደገና ጻፍኩት።

ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተውልን ሄደዋል። ዛሬ ጠዋት ጽሑፉን ለእናቴ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት፤ ከዚያም ከጽሑፉ አንድም ቃል እንዳልቀንስ አዘዙኝ።

አምላክ የአክስቴን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለእናቴና ለቤተሰቡ ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።