ድምፁን የዘጋሁባቸው እሑዶች

ጥቅምት 9፣ እሑድ
ዛሬም ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። ገመዶቹን ዘረጋሁ፣ ማይኩን ፈተሽኩ፣ የሚያጉረመርመውን የኋላ ስፒከር ሶኬት በቴፕ አሰርኩት። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት መብራት ስጠግን ከርሜ እሑድም ከሽቦ አልላቀቅም። ባለቤቴ "አንተ መንግሥተ ሰማያት ስትገባም መጀመሪያ ቆጣሪውን ነው የምታየው" ትላለች።

መጋቢ ስብከቱ መሃል ላይ ቆሙ። ሰዉ የሚያስቡ መሰለው። እኔ ግን ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነው፣ ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። የፈራ ሰው ትንፋሽ... ከዚያ አሁን የጨረሱትን ታሪክ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

እጄ ራሱ ሄዶ ድምፁን ዘጋው። ለመዘምራኑ ምልክት ሰጠሁ፣ ተነስተው ዘመሩ። "ማይኩ ተበላሽቶ ነው" አልኩ ለጠየቀኝ ሁሉ። ዋሸሁ። ያውም በእግዚአብሔር ቤት።

ጥቅምት 16፣ እሑድ
ደገሙት። ደገምኩት።

ጥቅምት 20
የመጋቢ ባለቤት የሥራ ቦታዬ ድረስ መጡ። አምፖል ፈልገው መስሎኝ...
"አይተሃል አይደል?"
"ምኑን፣ እትዬ?"
"አንተ ልጅ፣ እኔን አታሞኘኝ።"
ዓመት አልፎታል አሉ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው ብሏቸዋል። መጋቢ ግን ድካም ነው ይላሉ። "ለሰው እንዳትናገር። መድረኩን ካጣ ይሞትብኛል።"
ቃል ገባሁ። ምን ልበል? ያኔ ከሥራ ተባርሬ ከመጠጥ ቤት አልወጣ ስል፣ ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ እናቷ ጋ ስትሄድ፣ ሦስት ወር ቤታቸው ያኖሩኝ መጋቢ ናቸው። ለእሳቸው ያልዋሸሁ ለማን ልዋሽ?

ጥቅምት 30፣ እሑድ
አራተኛ። የመዘምራን መሪው "የመብራት ሠራተኛ ቤቱ ጨለማ ነው" ብሎ ቀለደብኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሽማግሌዎች ሰብሳቢው ግን አልሳቁም። ዓይን ዓይኔን እያዩ "ሌላ ማይክ ይግባ እንዴ?" አሉኝ።
"እጠግነዋለሁ።"
ምኑን ነው የምጠግነው?

ኅዳር 11
የልብስ ሰፊዋን የበኩር ልጅ ቀበርን። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ትኩሳት ነው ሲሉ በአራት ቀን ሄደ።
መቃብር ላይ ማጉያ የለም። የሚዘጋ ነገር የለም። መጋቢ የሟቹን ስም ትተው የታናሹን ጠሩ። ታናሹ እናቱን ደግፎ እዚያው ቆሟል! አንዴ ቢሆን አፍ ወለምታ ነው... ሦስት ጊዜ። "ወደ ጌታ ሄዷል" እያሉ።
እናትየው ጮኸች። "ኧረ አንዱን ነው የወሰደብኝ! ይሄኛውን እንኳ ተዉልኝ!"
መጋቢ ግራ ገብቷቸው ዞረው እኔን አዩኝ። ምን አጠፋሁ ነው የሚለው ፊታቸው።

ኅዳር 12
ለባለቤቴ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።
"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አለች። "ያቺ እናት ምን በደለች?"
"መጋቢን ላዋርዳቸው?"
"ከትናንቱ የባሰ ውርደት አለ? ደግሞስ እሳቸውን ነው የምትጠብቀው ወይስ ራስህን?"


ኅዳር 13
ሄድኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንድ እግራቸው ላይ ጫማ አድርገዋል፣ ሌላው ባዶ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ነገርኳቸው።
"መጋቢ፣ ማይኩ አልተበላሸም። የምዘጋው እኔ ነኝ። ሲጠፋብዎት... እየዘጋሁት ነው።"

"ስንት ጊዜ?"
"አምስት እሑድ።"
"እኔ ደግሞ..." አሉ፣ "እግዚአብሔር ነው ዝም ያሰኘኝ ብዬ፣ ምን በደልኩ እያልኩ ስጾም ሰነበትኩ።"
መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ! እሳቸውን የሸፈንኩ መስሎኝ...
ባለቤታቸው በር ላይ ቆመዋል። "ቃልህ ይሄ ነው?" አሉኝ። 
መጋቢ ሲሸኙኝ "ነገ እኔው ለምእመናን እነግራለሁ። ድምፁን እንዳትዘጋው" አሉ።

ኅዳር 14፣ እሑድ
መድረክ ላይ ወጡ። "ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር..." ብለው ቆሙ። ሊናገሩ የወጡት ጠፋባቸው።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አልዘጋሁም። ያ ትንፋሽ አዳራሹን ሞላው። 
ወጣሁ። ክንዳቸውን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ። እኔ ተናገርኩ። በሽታውን፣ ማይኩን፣ ውሸቴን። መጋቢ እንደማንኛውም አድማጭ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ወጣች።

ኅዳር 24
ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። "ለጊዜው ከአገልግሎት እረፍ" አሉ። የአዳራሹን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አሥራ ሰባት ዓመት... በትክክል ነው የፈረዱት። ግን አመመኝ።

ታኅሣሥ 4
ይቅርታ ልጠይቅ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። ታናሹ ልጅ በሩን ገርበብ አድርጎ "እናቴ ተኝታለች" አለኝ። ከውስጥ የስፌት መኪናው ይሰማል።

ጥር 10፣ እሑድ
አዲስ ሰባኪ መጥቷል። ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው። መጋቢም ባለቤታቸውም የሉም። እንደወጣሁ ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ በሩን ከፈቱልኝ። ከስተዋል።
"ከቀረሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው" አሉ። "ለማን ትቼው ልሂድ? ባለፈው ወጥቶ ጠፍቶ ነበር።"
"እሑድ እሑድ እኔ እመጣለሁ።"
"አንተስ ቤተ ክርስቲያን?"
"ይሂዱ፣ እትዬ።"
ይቅር ይበሉኝም ይቅር ብዬሃለሁም አልተባባልንም።

የካቲት 8፣ እሑድ
አራተኛ እሑድ መቅረቴ ነው። ትናንት አንዱ ወንድም መንገድ ላይ አግኝቶኝ "በረድክ እንዴ? እንጸልይልህ?" አለኝ። ጸልዩልኝ አልኩት።

ጠዋት ገላቸውን አጠብኩ፣ ጥፍራቸውን ቆረጥኩ። ንጹሕ ሸሚዝ አለበስኳቸው። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን። ስሜን ከረሱት ሰንብተዋል።
"ሰዉ የት ሄደ?" አሉኝ።
"ቤተ ክርስቲያን።"
"ዛሬ ማን ነው የሚሰብከው?"
"አዲስ ሰው ነው፣ መጋቢ።"
"ጎበዝ ነው?"
"ደህና ነው።"
አሰቡ። እጄን ፈልገው ያዙ።
"ብቻውን እንዳትተዉት" አሉ። "እዚያ ላይ መቆም ያስፈራል።"