በማሪት ዶክትሬት ሚዜ የሆንኩ ዕለት

ለውድ እህቴ ለእትዬ ባውክየ፣

ወንድምሽ ዊብረን ባለፈው ሐሙስ ከዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ተቀብሏል። ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ተቀመጪ። እሺ፣ ሙሉውን አልተቀበልኩም። የተቀበለችው ማሪት ናት፤ እኔ ጭራ ያለው ጥቁር ኮት ለብሼ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ግን በደንብ ከታሰበ ግማሹ የእኔ ነው። ጌርትየ «ሩቡም ይበዛብሃል» ትላለች፤ ስለዚህ በሩብና በግማሽ መካከል እንደተስማማን ቁጠሪው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይኝ። እንዴት ሰነበትሽልኝ እትዬ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ያ ክፉ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ ጋሽ ግሬምስ ወገቡን ተሻለው ወይስ አሁንም ከትራክተሩ ላይ በሰው ድጋፍ ነው የሚወርደው? እናንተ ዘንድ ጸደይ ገብቶ ሣሩ ላሞቹን ሳይሸፍን አልቀረም። እዚህ ዝናቡ ከላይ መውረድ ሰልችቶት በጎን እየመጣ መስኮት ይገርፋል። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። የጌርትየ የደም ግፊት የሚነሳው እኔ ስናገር ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ዝም በል ብሎኛል፤ ለዚያም ነው መጻፍ የጀመርኩት።

አዎ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። ፊደሉ በር ሲከፈትላቸው እንደሚጋፉ ላሞች አንዱ ባንዱ ላይ ቢወጣብሽ አትደንግጪ። እስከ ዛሬ በስሜ ይደርስሽ የነበረው ሁሉ የጌርትየ እጅ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ ቀልድ ስናገር ግን «ይሄ ለእትዬ ባውክየ አያስፈልጋትም» እያለች ትዘለዋለች። ይህን ሁሉ ዓመት ቁም ነገረኛ ወንድም ያለሽ መስሎሽ ከነበረ ጥፋቱ የሚስቴ ነው።

ልጆች ሳለን የመምህሩን ማስታወሻ የምታነቢልኝ አንቺ ነበርሽ፤ የሚያስቆጣውን እየዘለልሽ። አንቺ ኒውዚላንድ ስትገቢ ጌርትየ ተረከበችልሽ። ለሌላው ሰው ሁሉ ደግሞ «መነጽሬን ረሳሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ። ባንክ ቤትም፣ ሐኪም ቤትም፣ የውሃው ሸንጎ ስብሰባ ላይም ሠርታልኛለች። ያልሠራችው ማሪት ላይ ብቻ ነው።

ማሪት ከአራት ዓመት በፊት ረጅም የብረት ዘንግ ተሸክማ መጥታ ላይኛውን ክፍላችንን የተከራየች የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት። በመጣች በሁለተኛው ቀን «ጋሽ ዊብረን፣ በጥናቱ ለመሳተፍ ፈቃደኛ መሆንህን እዚህ አንብበህ ፈርምልኝ» አለችኝ። «መነጽሬን ረሳሁ ልጄ» አልኳት። መነጽሩ ግንባሬ ላይ ነበር። አየችው፤ እኔም እንዳየችው አየሁ። አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀስ ብላ አነበበችልኝ። በቤተ መጻሕፍቱ የማክሰኞ ማታ የንባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። አስተማሪያችን ወይዘሮ አኬ ጡረታ የወጣች ፖስተኛ ናት፤ የመንደሩን ሰው አድራሻ በቃሏ የምታውቅ። ከክፍላችን ጎበዙ ማን እንደሆነ ራሴ ብነግርሽ ጉራ ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ወይዘሮ አኬን ጠይቂያት። ምናልባት ሌላ ሰው ትጠራልሽ ይሆናል፤ እሷም ትሳሳታለች።

የማሪት ጥናት ምን መሰለሽ። በልጅነትሽ ከኋላው በር አንድ እግርሽን ብቻ አንስተሽ ሜዳው ላይ ትወጪ ነበር። ዛሬ ከዚያ በር ሥር ሦስት ደረጃ አለ። ቤቱ አላደገም፤ በእንጨት ምሰሶ ላይ ስለተተከለ ባለበት ነው። የወረደው መሬቱ ነው። ጥቁሩ አፈራችን ውሃ ሲጎድልበት ይበሰብሳል፣ ከዚያ ትንፋሽ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። በቦዮቹ ውሃውን ከፍ ብናደርግ አፈሩ ይቆያል፤ ላሞቹ ግን ጭቃ ውስጥ ይዋኛሉ። ዝቅ ብናደርግ ላሞቹ ደስ ይላቸዋል፤ የልጅ ልጆቻችን ግን ከባሕር በታች ይቀራሉ። ማሪት የመጣችው አፈሩን ለመለካት ብቻ አልነበረም። ይህ መሬት እንዲቆይ ማን፣ ከማን ጋር፣ በምን ደንብ ይወስናል የሚለውን ልታጠና ነው። «የሚሰምጥ መሬት ዘላቂ አስተዳደር» ይላል የመጽሐፏ ርዕስ፤ ራሴ ነኝ ያነበብኩት።

ታዲያ ይህን አንድ ትምህርት ብቻውን አይችለውም ብላ የአፈር ሰው፣ የሕግ ሰውና የገንዘብ ነገር የምታጠና ሴትዮ ሰበሰበች። እያንዳንዳቸውን ለብቻቸው ብትሰሚያቸው ሊቆች ናቸው። እኔ ወጥ ቤት አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን የሠርግ ቤት አማቾች ሆኑ። ጌርትየ የአተር ሾርባ በቋሊማ አቅርባ ነበር። ጎረቤታችን ሂልከም አለ፤ ሽታው ጠርቶት።

የገንዘቧ ሴትዮ «ውሃውን ከፍ ማድረግ በረጅም ጊዜ ያዋጣል» አለች። የአፈሩ ሰውዬ «ረጅም ስትዪ ስንት ነው?» አላት። «አሥራ አምስት ዓመት» አለች። ማንኪያውን አስቀመጠ። «እመቤቴ፣ ይሄ አፈር የሺህ ዓመት ሥራ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ለእሱ አንድ ማስነጠስ ናት» አላት። የሕጉ ሰውዬ በበኩሉ ደንቡ በየስድስት ዓመቱ ስለሚከለስ ከዚያ ወዲያ ማንም ቃል ሊገባ አይችልም አለ። ሂልከ ቋሊማውን እያላመጠ «እኔ እስከ ቅዳሜ ደርቆልኝ ካጨድኩ ይበቃኛል» አለ። እኔም «ለእኔ ላሞች ረጅም ማለት እስከ ማለቢያ ሰዓት ነው» አልኩ። ሁሉም ሳቀ። ማሪት ብቻ ሾርባዋ እስኪቀዘቅዝ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ታያለች። ከዚያ ቀን በኋላ በጠራችው ስብሰባ ሁሉ፣ ገበሬ ይሁን ምሁር፣ ከመናገሩ በፊት «ረጅም ስትል ስንት ማለትህ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ ጀመር። ስድቡ ቀነሰ። ባለፈው ወር የውሃው ሸንጎ በኋለኛው መስክ ውሃውን ለስድስት ዓመት ሙከራ አንድ ስንዝር ከፍ ለማድረግ ወሰነ። መጨረሻ እጁን ያነሳው ሂልከ ነው። በኋላ ስጠይቀው «ጭንቅላቴን እያከክኩ ነበር፣ ቆጠሩኝ» አለ።

አሁን ወደ ዶክትሬቱ። አገራችን ውስጥ ስለ ጥናቱ በፕሮፌሰሮች ፊት የሚሟገት ሰው ልክ እንደ ሙሽራ ሁለት ሚዜ በግራና በቀኝ እንደሚያቆም ሰምተሽ ይሆናል። አንደኛው ወንድሟ ቴይስ ነው። ሌላውን ስትጠይቀኝ በረት ውስጥ ነበርኩ። «ጋሽ ዊብረን፣ ሚዜ ትሆነኛለህ?» አለችኝ። «ሙሽራው ማነው?» አልኳት። ነገሩ ሲገባኝ አካፋዬን ተደገፍኩ። ምክንያቱም እትዬ፣ ጠያቂ ፕሮፌሰር ከፈለገ በመጽሐፉ ጀርባ ከታተሙት፣ ማሪት ከምትሟገትላቸው አጫጭር አቋሞች አንዱን ሚዜ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ማዘዝ ይችላል። ሁለት መቶ ሰው ፊት። ማሪት ፊቴን አይታ «አትጨነቅ፣ አንተ መቆም ብቻ ነው። ምንባብ ከመጣ ቴይስ ያነባል» አለችኝ። እኔም «ለመቆም ማን ብሎኝ» አልኳት፤ ሌሊቱን ግን አልተኛሁም። እኔ ብዋረድ ምንም አይደለም፤ የለመድኩት ነው። በአራት ዓመት ልፋቷ ቀን ግን የሚንተባተብ ሚዜ አቁማ እንድትታይ አልፈለግኩም።

ሐሙስ ደረሰ። ኮቱን የተከራየሁት ከከተማ ነው። ሂልከ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «ዳክዬ መስለሃል፤ ግን የተከበረ ዳክዬ» አለኝ። አዳራሹ ውስጥ ጥቁር ካባና ለስላሳ ቆብ ያደረጉ ፕሮፌሰሮች ተሰልፈው ገቡ፤ ከፊታቸው ዘንግ የያዘች ሴት። ንግግራቸው ያስቃል እትዬ። እኛ ሂልከ ሲሳሳት «ዋሸህ» እንለዋለን። እነሱ «እጅግ የተማሩ ጠያቂዬ ስላነሱት ጥልቅ ጥያቄ ምስጋናዬ የላቀ ነው» ይሉና ከዚያ ዋሸህ ይላሉ። ማሪት ግን ወጥ ቤታችን ውስጥ ያደገች ስለሆነች አልተበገረችም። የአፈሩን ፕሮፌሰር በአፈር፣ የገንዘቡን በገንዘብ መለሰችለት።

ከዚያ ከደቡብ የመጣች አንዲት የሕግ ፕሮፌሰር ተነሳች፤ ቀጭን፣ ዓይኗ መርፌ የሆነ። «ስድስተኛው አቋም ላይ ጥያቄ አለኝ» አለችና በጣቷ ወደ እኔ ጠቁማ «በግራ የቆሙት አዛውንት ሚዜ ያንብቡልን» አለች። ማምለጫ የለም። መጽሐፉን ያዝኩ። ላቤ በጀርባዬ እንደ ቦይ ወረደ።

«መሬቱ ለረጅም ጊዜ ይቆይ ብለው የሚመክሩ ሰዎች፣ ስለ ውሃው ከፍታ...» እስከሚለው ድረስ በደንብ ሄድኩ። ቀጥሎ ያለው ቃል ከመንደራችን እስከ ወፍጮው የሚደርስ ነው። ቆምኩ። ማሪት ዞራ አላየችኝም፣ አላቀበለችኝም፤ እኔ እንደምጨርሰው የምታውቅ ሰው ሆና ፊት ለፊቷን እያየች ጠበቀች። ወይዘሮ አኬ «ሲረዝምብህ እንደ ዳቦ ቁረሰው» ትለኝ ነበር። ቆረስኩት። «...ከመስማማታቸው አስቀድሞ፣ ረጅም ማለት ለእያንዳንዳቸው ስንት እንደሆነ ይነጋገሩ። አለዚያ የተስማሙት በቃል ብቻ ነው።» ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ያነበብኩት የአተር ሾርባውን ቀን ነበር። የእኔን ጠረጴዛ፣ የሂልከን ቋሊማ፣ የላሞቼን ማለቢያ ሰዓት። ስማችን የለበትም፤ ግን እኛ ነን።

ፕሮፌሰሯ አመስግናኝ ወደ ማሪት ዞረች። «ይህ ሳይንስ ነው ወይስ መልካም ጠባይ?» ብላ ጠየቀቻት። ማሪት «እጅግ የተማሩ ጠያቂዬ፣ በእኛ መስክ መልካም ጠባዩ ደንብ እስኪሆን ሁለት ዓመት ፈጅቷል። አሁን የሸንጎው ደንብ ውስጥ ተጽፏል። ጠባይ እንዴት ደንብ እንደሚሆን ማወቅ ሳይንስ ካልሆነ፣ እኔ ሌላ ስም የለኝም» አለች። ፕሮፌሰሯ ፈገግ ስትል ዘንግ ያዥዋ ገብታ ዘንጉን ወለሉ ላይ መታች፤ በድሮው የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ በላቲን ሰዓቱ ደርሷል አለች። ፕሮፌሰሮቹ ሊመካከሩ ወጥተው፣ ትንሽ ቆይተው ተመልሰው መጡና ማሪትን ዶክተር አሏት። እናቷ አለቀሰች፤ ጌርትየ አለቀሰች፤ እኔ ዓይኔ ውስጥ የኮቱ ክር ገባ።

በግብዣው ላይ ሮዝ ቅባት ያለውን የእኛን ኬክ እየበላሁ ሳለ ሂልከ መጣና «ዛሬስ መነጽርህን አልረሳህም?» አለኝ። «ታውቅ ነበር እንዴ?» አልኩት። «አንተ ሰውዬ፣ አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን መነጽር የማያስታውስ ሰው የት አለ? ላሞችህም ያውቃሉ» አለኝ። ከዚያ ብርጭቆውን ከብርጭቆዬ ጋር አጋጨና «ያቺን ረጅሟን ቃል ግን እኔም አልወጣትም ነበር» አለ። ሂልከ ከተወለደ ጀምሮ ለማንም ብልጫ ሰጥቶ አያውቅም።

በይ እትዬ፣ እጄ ደከመኝ፤ ማለብ ከዚህ ይቀላል። ጋሽ ግሬምን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ወገቡን በሞቀ ጨርቅ ያስታምመው። ልጅሽ ፒተር ከላሞቹ በፊት ሚስቱን ሰላም ይበልልኝ። ለሚስቱ ለአናም ልዩ ሰላምታዬን አድርሺ፤ የላከችው የበግ ጠጉር ሹራብ ደረቴ ላይ ነው። ለልጆቻቸው ለትንሿ ኤሚና ለወንድሟ አጎታችሁ ዶክተር ሆነ በያቸው፤ ልጆች ናቸው፣ ያምናሉ። ያ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ውሻሽንም እንዳትረሺ። ጌርትየ ከአጠገቤ ሆና ሰላም ትላለች፤ አንድም ቀልድ እንዳትዘል እጇን ይዣለሁ።

ከመዝጋቴ በፊት አንድ ነገር። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ዳክዬውም፣ ላቡም፣ የቆምኩበት ቃልም። አንዱን ብቻ ፈጥሬያለሁ። ፕሮፌሰሯ ወደ እኔ አልጠቆመችም። «ከሚዜዎቹ አንዱ ያንብብልን» ነው ያለችው። ቴይስ እንደተባባልነው መጽሐፉን ገልጦ ትንፋሹን ስቦ ነበር። ተገድጄ ነው ብዬ የጻፍኩት፣ በጉራ የሚታወቅ ሰው ራሱ ተነሥቶ አነበበ ቢል ማን ያምነዋል ብዬ ነው። አንቺ ግን እመኚኝ እትዬ። ማንም አላዘዘኝም። ከልጁ እጅ ነጥቄ ነው ያነበብኩት።

የሚወድሽ ወንድምሽ ዊብረን
ኦልደፌን መንደር፣ ፍሪስላንድ
ኅዳር መግቢያ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከማለቢያ ሰዓት በፊት